ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ የፎርማጆንና የወይንን ስምስ ማን ያወጣዋል?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ለሰው ነው። ለምግብና ለመጠጥ ሲሆን ግን ነገሩ ለየት ይላል። የምግብን ስም ብዙ ጊዜ የሚያወጣው የተሠራበት ቦታ ነው። ስሙን የሚጠብቀው ደግሞ ሕግ ነው፣ ተቆጣጣሪ ነው፣ ፍርድ ቤት ነው፤ አንዳንዴም ተቆጥቶ አደባባይ የወጣ ገበሬ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአውሮፓ አንድ ምግብ ወይም ወይን ጠጅ የአገሩን ስም ይዞ ለመሸጥ ምን ማሟላት እንዳለበት፣ ሥርዓቱ ከየት እንደመጣና እኛን ምን እንደሚመለከተን ማስረዳት ነው።

ርዕሱን የመረጥኩት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከገበታ ነው። ባለፈው ክረምት የአንደኛ ዓመት ትምህርቴን እንደጨረስኩ ቦሎኛ፣ ጣሊያን የምትኖረው አክስቴ ትኬት ልካልኝ አምስት ሳምንት እሷ ዘንድ ቆየሁ። አክስቴ እዚያ አገር ከሃያ ዓመት በላይ አዛውንቶችን ስትንከባከብ የኖረች ሴት ናት። የደረስኩት የሐዋርያት ጾም ከተፈታ በኋላ ስለነበር ወተትም ፎርማጆም ተፈቅዶልኛል። ገበያ ስንወጣ ታዲያ አንድ ነገር ገረመኝ። ፎርማጆ፣ አቼቶ፣ ፉርኖ፣ ሳልሳ፣ ፓስታ፤ እኛ አማርኛ አድርገን የያዝናቸው ቃላት ሁሉ እዚያ በየሱቁ ተለጥፈዋል። ምግቡን ባላውቀውም ስሙን አውቀዋለሁ ማለት ነው። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ከዚህ ከስም ነው።

ጥበቃ የሌለው ስም

በመጀመሪያ ሕግ የማይጠብቀውን ስም እንመልከት። አዲስ አበባ ውስጥ ምግብ ቤት ገብቶ «ስፓጌቲ ቦሎኔዝ» የሚል ዝርዝር ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ቦሎኛ ከተማ ውስጥ ግን የአገሩ ሰው ይህን ምግብ የኔ ነው አይልም። የእነሱ ምግብ ታሊያቴሌ አል ራጉ ይባላል። ታሊያቴሌ በእንቁላል የተቦካ፣ ጠፍጣፋና ሰፋ ያለ ፓስታ ነው፤ ራጉ ደግሞ በዝግታ የበሰለ የሥጋ ወጥ ነው። ሳህኑ ላይ ወጡ ከፓስታው ጋር ተጣብቆ ይመጣል እንጂ እንደኛ አገሩ ከላይ አይፈስም። ዋናው የራጉ አሠራር የአሳማ ሥጋ ስለሚገባበት አክስቴ ቤቷ የምትሠራው በበሬ ሥጋ ብቻ ነው። በዚሁ ምክንያት በአካባቢው ስለሚታወቁት ስለ ፕሮሹቶና ስለ ሞርታዴላ የምለው የለኝም፤ አልቀመስኳቸውም።

የቦሎኛ ሰዎች ስማቸው በዓለም ዙሪያ ሲንከራተት ዝም ብለው አላዩም። እ.ኤ.አ. በ1972 የታሊያቴሌ ትክክለኛ ወርድ ሲበስል 8 ሚሊ ሜትር ነው ብለው በወርቅ የተሠራ ናሙና በከተማዋ የንግድ ምክር ቤት አስቀመጡ። በ1982 ደግሞ የራጉን አሠራር እዚያው አስመዘገቡ። ቆንጆ ነገር ነው፤ ነገር ግን ክብር እንጂ ሕግ አይደለም። አዲስ አበባም ሆነ ለንደን ያለ ምግብ ቤት ስፓጌቲ ላይ የፈለገውን ወጥ ጨምሮ «ቦሎኔዝ» ቢለው የሚከሰው የለም። ስም ጥበቃ ከሌለው ተወዳጅነቱ ራሱ ያጠፋዋል። ሁሉም ይጠራዋል፣ ማንም አይጠየቅበትም።

ነጠብጣብ የተጻፈበት ልብስ

አሁን ወደ ተጠበቀው ስም እንምጣ። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ያለው የሕግ ሥርዓት የምግብ የቦታ ስሞችን በሁለት ደረጃ ይጠብቃል። አንደኛው ጥብቅ ነው፤ ምርቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተከለለው አካባቢ መሠራት አለበት፤ ምልክቱ ቀይና ቢጫ ክብ ነው። ሁለተኛው ላላ ያለ ነው፤ ከሥራው ደረጃዎች ቢያንስ አንዱ እዚያ መከናወን አለበት፤ ምልክቱ ሰማያዊና ቢጫ ነው። ዕቃ ላይ እነዚህን ክቦች የምታዩ ሁሉ ልዩነታቸው ይኸው ነው።

የጥብቁ ደረጃ ጥሩ ምሳሌ ፓርሚጃኖ ሬጃኖ የሚባለው ፎርማጆ ነው። ይህን ስም ለመያዝ ፎርማጆው በፓርማ፣ በሬጆ ኤሚሊያ፣ በሞዴና፣ እንዲሁም ከቦሎኛና ከማንቶቫ አውራጃዎች በከፊል ብቻ መሠራት አለበት። ድንበሩ በወንዝ ነው የተለካው፤ ከቦሎኛ በኩል ከሬኖ ወንዝ በስተግራ፣ ከማንቶቫ በኩል ከፖ ወንዝ በስተቀኝ። ላሚቱ እንኳ የምትበላው ሣር በደንብ ተወስኗል። ጉድጓድ ውስጥ ታምቆ እንዲብላላ የተደረገ መኖ ክልክል ነው። ወደ ፎርማጆው የሚገባው ደግሞ ወተት፣ ጨውና ከጥጃ ጨጓራ የሚገኝ ማርጊያ ብቻ ነው።

አንድ ቀን የአክስቴ ጎረቤት በመኪናቸው ሬጆ ኤሚሊያ አጠገብ ወዳለ ፎርማጆ ቤት በማለዳ ወሰዱን። ነጭ ጋዋን አልብሰው፣ ጫማችንን በላስቲክ ሸፍነው አስገቡን። የተገለበጠ ደወል የሚመስሉ ትላልቅ የመዳብ ጋኖች ተደርድረዋል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ማታ የታለበው ወተት ሌሊቱን ሰፊ ገንዳ ላይ ያድርና የተንሳፈፈው ስብ ይገፈፋል። ጠዋት ከታለበው ወተት ጋር ተደባልቆ ጋኑ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ከትናንቱ ሥራ የተረፈ አጓት ይጨመርበታል። ሠራተኛው ይህን ሲያስረዳ አክስቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እርሾ እኮ ነው!» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኛ ከትናንቱ ሊጥ እርሾ አስቀርተን ለዛሬው እንደምናደርገው፣ እነሱም የትናንቱን ለዛሬ ያቆያሉ። የቦታው ረቂቅ ተሕዋስያን ከቀን ወደ ቀን የሚተላለፉት በዚህ ነው። «ፎርማጆው ሌላ ቦታ ቢሠራ አንድ ዓይነት አይሆንም» የሚለው ክርክር አንዱ መሠረትም ይኸው ነው።

ማርጊያው ተጨምሮ ወተቱ ሲረጋ በሽቦ መምቻ ይሰባበርና እስከ 55 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ይሞቃል። ፍርፋሪው ወደ ታች ዘቅጦ አንድ ላይ ይጋገራል። ሁለት ሰዎች በጨርቅ ከጋኑ ውስጥ ያወጡትና ለሁለት ይቆርጡታል፤ «መንታ» ይሏቸዋል። ለአንዱ ድፍን 550 ሊትር ገደማ ወተት ያስፈልጋል፤ ክብደቱ ወደ 40 ኪሎ ነው። በቅርጽ ማውጫው ዙሪያ ስሙ በነጠብጣብ ይታተምበታል። ሦስት ሳምንት ለሚሆን ጊዜ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይከርምና እንጨት መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ትንሹ ዕድሜ 12 ወር ነው።

እኔን የያዘኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ዓመቱ ሲሞላ የአምራቾቹ ማኅበር ባለሙያ ትንሽ መዶሻ ይዞ ይመጣና እያንዳንዱን ድፍን እያንኳኳ ያዳምጠዋል። ውስጡ ስንጥቅ ወይም ቀዳዳ ካለው ድምፁ ያሳብቃል። ያለፈው በትኩስ ማኅተም ይመታል። የወደቀው ደግሞ ቅርፊቱ ላይ የታተመው የነጠብጣብ ስም ተፍቆ ይነሳበታል። ፎርማጆው ይበላል፣ ይሸጣል፣ ግን ያንን ስም አይይዝም። አስቡት፤ አንድ ዓመት ሙሉ የተለፋበት ነገር ስሙን ተገፎ ሲወጣ። ለዚህ ነው ስሙ ዋጋ የሚኖረው፤ መስጠት ብቻ ሳይሆን መንጠቅም ስላለ።

ዋጋውስ ምን ያህል ነው ብትሉ፣ ባንክ ያምነዋል። ክሬዲቶ ኤሚሊያኖ የተባለው የአካባቢው ባንክ ይህንን ፎርማጆ ለብድር መያዣነት ይቀበላል። አምራቹ ፎርማጆው እስኪያረጅ ድረስ ገንዘቡ ተይዞ ስለሚቆይ፣ ድፍኖቹን ባንኩ መጋዘን አስቀምጦ ይበደራል። እንደ ወርቅ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2012 አካባቢው በርዕደ መሬት ሲመታ መደርደሪያዎች ተደርምሰው በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ድፍኖች ወድቀዋል። ያን ጊዜ የሞዴናው የምግብ ባለሙያ ማሲሞ ቦቱራ በዚሁ ፎርማጆ የሚሠራ የሩዝ ምግብ አዘጋጅቶ ሌሎችም ቤታቸው እንዲሠሩት ጋበዘ፤ የተጎዳው ፎርማጆ ሳይበላሽ እንዲሸጥ የረዳ ዘመቻ ሆነ።

ጣዕሙን በተመለከተ፣ 12 ወር የሆነው ለስለስ ያለና ወተት ወተት የሚል ነው። 24 ወር ሲሆን ይፈረፈራል፤ ጥርስ ላይም ቅጭ የሚል ነገር ይመጣል። ይህ ጨው አይደለም፤ የወተቱ ፕሮቲን ሲፈራርስ የሚፈጠር ታይሮሲን የሚባል ክሪስታል ነው። 36 ወር የሆነውን እንደ ዳቦ አይገምጡትም፤ ትንሽ ቆርሰው አፍ ውስጥ ያቆዩታል።

አንድ ስም፣ ሁለት አቼቶ

ስም ሁልጊዜ ነገሩን ግልጽ አያደርግም፤ አንዳንዴ ያደናግራል። ሞዴና ውስጥ «አቼቶ ባልሳሚኮ ትራዲዚዮናሌ ዲ ሞዴና» የሚባል አለ፤ «አቼቶ ባልሳሚኮ ዲ ሞዴና» የሚባልም አለ። ልዩነቱ አንድ ቃል ነው። በተግባር ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

የመጀመሪያው ከተቀቀለ የወይን ጭማቂ ብቻ ይሠራል። ጭማቂው መጠናቸው እየቀነሰ በሚሄድ የእንጨት በርሜሎች ውስጥ ቢያንስ 12 ዓመት ይቆያል፤ ረጅሙ 25 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። በርሜሎቹ የሚቀመጡት ምድር ቤት ሳይሆን ጣሪያ ሥር ነው። የበጋው ሙቀት ውሃውን እንዲያተንነው፣ የክረምቱ ብርድ ደግሞ እንዲያሳርፈው ይፈለጋል። በየዓመቱ ከትንሹ በርሜል ጥቂት ይቀዳና ከሚቀጥለው ትልቅ በርሜል ይሞላል። ድሮ ሴት ልጅ ስትወለድ ቤተሰቡ በርሜሎቹን ጀምሮላት ስታገባ ጥሎሽ ይሆናታል የሚል ልማድ እንዳለ ነግረውናል። ሁለተኛው ግን ከወይን ጭማቂና ከተለመደ የወይን አቼቶ ተደባልቆ በ60 ቀን ለሽያጭ ሊደርስ ይችላል። ይህኛው የሰማያዊውና የቢጫው ክብ ደረጃ ነው።

ከመጀመሪያው በማንኪያ ጫፍ አንድ ጠብታ ፎርማጆ ላይ አድርገው ሰጡኝ። ምን ልበላችሁ፤ ጎምዛዛ ነው ስትሉት ጣፋጭ ይሆናል፣ ጣፋጭ ነው ስትሉት ጎምዛዛ። ትንሿ ጠርሙስ 100 ሚሊ ሊትር ብቻ ስትይዝ ያየሁት ዋጋ ከ40 ዩሮ በላይ ነበር። አክስቴ ሠላሳ ጊዜ አገላብጣ አይታ መልሳ አስቀመጠችው። ሕጉም ገደብ አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት የተጠበቀው ስሙ በሙሉ እንጂ «ባልሳሚኮ» የሚለው ቃል ብቻውን እንዳልሆነ ወስኗል። ስለዚህ ገዢው ሙሉውን ስም ማንበብ አለበት፤ እስከ መጨረሻው ቃል።

ሻምፓኝ የሰርግ መጠጥ ብቻ አይደለም

ከቦሎኛ በሌሊት አውቶቡስ ፓሪስ ወደሚኖረው የአክስቴ ልጅ ሄድኩ፤ ከዚያ በባቡር አንድ ሰዓት እንኳ በማይሞላ ጊዜ ራንስ ከተማ ገባን። ራንስ የሻምፓኝ ክፍለ አገር ናት። እኛ ዘንድ ቡሹ እየጮኸ የሚከፈት ነገር ሁሉ «ሻምፓኝ» ነው። እዚያ ግን ሻምፓኝ የመጠጥ ዓይነት ከመሆኑ በፊት የቦታ ስም ነው።

ከከተማዋ በታች በድሮ ዘመን ለግንባታ ድንጋይ የወጣባቸው ጥልቅ የኖራ ድንጋይ ጉድጓዶች አሉ። ውጭ ሐምሌ ነው፣ ያቃጥላል፤ ውስጥ 11 ዲግሪ ገደማ ነው። ነጠላዬን ሁለት እጥፍ አድርጌ ተከናነብኩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ራንስ በመድፍ ስትደበደብ ሕዝቡ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ተጠልሎ ኖሯል፤ ልጆች ሳይቀሩ እዚህ ተምረዋል።

አረፋው የሚመጣው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ተራ ወይን ጠጅ ይጠመቃል። ከዚያ ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት በጠርሙስ ይታሸጋል። እርሾው ስኳሩን ሲበላ ጋዝ ይወጣል፤ ጋዙ ግን መውጫ የለውም። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግፊት ከመኪና ጎማ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። የሞተው እርሾ ዝቃጭ ሆኖ እንዳይቀር ጠርሙሱ ቀስ በቀስ እየተዟዟረ አንገቱ ወደ ታች ይዘቀዘቃል፤ ከዚያ አንገቱ እንዲቀዘቅዝ ተደርጎ ሲከፈት ዝቃጩ በግፊቱ ተወርውሮ ይወጣል። ይህን ማዟዟሪያ ያዳበረችው እ.ኤ.አ. በ1805 በ27 ዓመቷ ባሏ የሞተባትና ድርጅቱን ራሷ የመራችው ባርብ ኒኮል ክሊኮ ናት። ተራው ሻምፓኝ ከመሸጡ በፊት ቢያንስ 15 ወር፣ የአንድ ዓመት ምርት ብቻ የሆነው ደግሞ ቢያንስ 3 ዓመት ይቆያል። የቀመስኩት ብርጭቆ ከአረፋው ሥር ትኩስ ዳቦ ዳቦ ይል ነበር። የእርሾው ሥራ ነው።

ይህ አሠራር ሌላ ቦታም አለ። የስፔኑ ካቫ በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ ሻምፓኝ ግን አይባልም። ስሙ እንዲህ የተጠበቀው በነጻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1910 የወይን ምርቱ ክፉኛ ወደቀ። በዚያው ጊዜ አንዳንድ ነጋዴዎች ከሌላ ክፍለ አገር ርካሽ ወይን እያስመጡ ሻምፓኝ ብለው ይሸጡ ነበር። ገበሬው ወይኑም ስሙም ተወሰደበት። በ1911 መጀመሪያ አመጽ ተነሣ፤ በሚያዝያ አዪ በምትባለው ከተማ የነጋዴ ቤቶች ተቃጠሉ፣ መንግሥት ጦር ላከ።

ነገሩ ሌላ ገጽታም ነበረው። የኦብ አካባቢ ገበሬዎች መንግሥት በ1908 ባወጣው ወሰን ከስሙ ውጭ ተደርገው ስለነበር እነሱም በበኩላቸው አመጹ። ሙሉ በሙሉ የገቡት በ1927 ነው። ካርታ ላይ የምትሰመር አንዲት መስመር አንዱን ገበሬ ባለስም፣ ጎረቤቱን ስም የለሽ ታደርጋለች። ሻምፓኝ በሕግ የተጠበቀ የቦታ ስም ሆኖ የተደነገገው በ1936 ነው። ዛሬ 34 ሺህ ሄክታር ገደማ ላይ ይለማል፤ ከመሬቱም አብዛኛው በገበሬዎች እጅ ነው። ታላላቆቹ ድርጅቶች ስሙን ብቻቸውን ሊይዙት አይችሉም። የስሙ ባለቤት ደንቡን ያከበረ አካባቢው ሁሉ ነው።

የእኛስ ስም?

ፓሪስ ውስጥ አንድ የቡና ሱቅ መደርደሪያ ላይ «ይርጋጨፌ» የሚል ከረጢት ሳይ የዚህ ሁሉ ታሪክ ትርጉም ገባኝ። ይርጋጨፌም፣ ሲዳሞም፣ ሐረርም እንደ ሻምፓኝ የቦታ ስሞች ናቸው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 እነዚህን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስታመለክት የአሜሪካ ብሔራዊ ቡና ማኅበር ተቃወመ። ከስታርባክስ ጋርም ክርክር ሆነ፤ ኦክስፋም በ2006 ለኢትዮጵያ የሚሟገት ዘመቻ አካሄደ። በ2007 ስታርባክስና የኢትዮጵያ መንግሥት ስምምነት ተፈራረሙ።

እዚህ ላይ ልዩነቱን ልብ በሉ። አውሮፓውያኑ የመረጡት ቦታን ከልሎ፣ ደንብ አውጥቶ፣ መዶሻ የያዘ ተቆጣጣሪ መላክ ነው። ኢትዮጵያ የመረጠችው የንግድ ምልክት ነው፤ ስሙን መንግሥት ያስመዘግብና ለሚጠቀሙበት ፈቃድ ይሰጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቡናችን የሚመጣው በጣም ብዙ ከሆኑ አነስተኛ ማሳዎች ነው፤ እያንዳንዱን ጆንያ ከማሳው ጀምሮ መከታተል ከባድና ውድ ነው። ግን እያንዳንዱ መንገድ ዋጋ አለው። ምልክቱ ስሙን ከቀማኛ ይጠብቃል፤ የጥራት ደንብ ግን በራሱ አያመጣም። ፓርሚጃኖ ስሙን ያስከበረው በፍርድ ቤት ብቻ አይደለም፤ የወደቀውን ድፍን ስም በመግፈፍም ጭምር ነው።

ስለ ቡናው ስልክ ደውዬ ስነግራት አክስቴ ያለችውን ላካፍላችሁ። «እኔ እዚህ አገር ደሞዜ ትንሽ ሆኖ እንኳ ነጠብጣብ ያለበትን ፎርማጆ ነው የምገዛው። ለምን? የሠራው ሰው ብሩን እንደሚያገኝ አውቃለሁ። የኛን ቡና ስገዛ ግን ማን እንደሚያገኘው አላውቅም» አለችኝ። ጥያቄው ይኸው ነው። ስም የገበሬው እንጀራ የሚሆነው ከስሙ የሚገኘው ገንዘብ ወደ ማሳው ተመልሶ ሲሄድ ነው።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ከዚህ የምንወስደው አለን። ዜና ላይ «ሻምፓኝ ተከፈተ» ከመባሉ በፊት ጠርሙሱ ከየት መጣ ተብሎ ይጠየቅ። ስለ ቡና ስንጽፍም «የኢትዮጵያ ቡና በዓለም ታዋቂ ነው» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ስሙን ማን አስመዘገበው? ማን ይቆጣጠረዋል? ደንቡን ያላሟላው ስሙን ይነጠቃል ወይ? ከአንድ ስኒ ዋጋ ስንት ሳንቲም ይርጋጨፌ ይደርሳል? የሚቀጥለው የተግባር ዘገባ ርዕስ የቸገረው የክፍል ጓደኛ ካለ ከእነዚህ አንዱን ይዞ ቢወጣ በቂ ሥራ ያገኛል።

ቸር ያሰንብተን።